እትዬ ይታይሽ ጣዖት ያሏቸው አሻንጉሊቶቼ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድም ስላሳቀኝ፣ አንድም በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን በራሴ ኮርቼ ስለማላውቅ ነው። ጉረኛ የሚለኝ ይበለኝ፤ ልናገረው።

ስሜ ትዕግሥት ይባላል። ስሙን እናቴ አወጣችልኝ፤ ጠባዩን ግን ከየት ታምጣልኝ? ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ እስቃለሁ። የአዴት ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ።

አንድ ሱስ አለብኝ፤ አኒሜ እወዳለሁ። የጃፓኖቹን የካርቱን ፊልም ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ስማር ዶርም ውስጥ በፍላሽ እየተቀባበልን ያላየነው አልነበረም። ጓደኞቼ ሲመረቁ ተዉት፤ እኔን ባሰብኝ። ከፊልሙ አልፌ የገጸ ባሕርያቱን አሻንጉሊት፣ ካርድና ፖስተር ማጠራቀም ጀመርኩ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰልባጅ ተራ ስትዞር ያገኘችውን ታስቀምጥልኛለች። ዱባይ የምትሠራው ጓደኛዬም ለበዓል ስትመጣ "ሽቶ ላምጣልሽ?" ስትለኝ "ሽቶሽን ተይውና አሻንጉሊት ፈልጊልኝ" ነው የምላት።

ሰማያዊ ፀጉር ያላት ባለ ጃንጥላ ልጅ አለችኝ። ሰይፍ የመዘዘ ጎረምሳ አለኝ። ብዙ ጭራ ያለው ነጭ ቀበሮም አለኝ፤ ጭራዎቹ እንደ ክብሪት እንጨት ስለቀጠኑ ገና ሳየው እሳሳለታለሁ። ከሁሉም በላይ የምኮራበት ግን እኔ ከመወለዴ በፊት የታተመ አንድ ፖስተር ነው። ቀለሙ ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው።

ይህን ዕቃ እኛ አገር ጠብቆ ማቆየት ቀልድ አይደለም። በጋውን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤት ድረስ ይገባል። ፀሐይ ያረፈበት ቀለም ይገረጣል፤ ነጩ ፕላስቲክ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ ይሆናል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ካርቶኑን ያሻግተዋል፤ ከሻጋታው የተረፈውን አይጥ ትቆረጥመዋለች። የሰው እጅ እንኳ ጠላት ነው። ቅባት የነካ ጣት ያረፈበት ቦታ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል።

እኔ ደግሞ የዋዛ አይደለሁም። አናጺ ጋ ሄጄ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አሠራሁ፤ እርጥበት እንዳያገኘው በብሎኬት ከመሬት ከፍ አደረግኩት። ፀሐዩን እንዲከለክልልኝ ከፊቱ ወፍራም ቀይ መጋረጃ ሰቀልኩ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ታውቋት የለ? እሷን ከየጫማ ቤቱ እየለመንኩ በየመደርደሪያው ሸጎጥኩ። ባለ ሱቆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "መምህርት መጣች፣ ከረጢቷን ስጧት!" ይላሉ።

ሁልጊዜ ተዘግቶባቸው ከከረሙ ደግሞ ፕላስቲኩ ይታፈንና ያልበዋል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እከፍትላቸዋለሁ። የውጭ ጭቃ እንዳይገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠልቃለሁ። የታችኛው መደርደሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተንበርክኬ፣ በሜካፕ ብሩሽ አቧራቸውን አንድ በአንድ እጠርጋለሁ። ስሠራ ዝም ማለት ስለማልችል የፊልሞቹን ዘፈን በጃፓንኛ አንጎራጉራለሁ።

እንግዲህ ይህን በበር ክፍተት ያየ ሰው ምን ይበል?

ያዩኝ እትዬ ይታይሽ ናቸው፤ አከራዬ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የራቁባቸው፣ ጾም የማያጎድሉ ሴት ናቸው። እኔን እንደ ልጅ ነበር የያዙኝ። ንፍሮ ቢቀቅሉ ለእኔ ሳይደርስ አይቀምሱም። ያን እሑድም ትኩስ ንፍሮ በሳህን ይዘው ሲመጡ በሬ ገርበብ ብሎ አገኙት።

ምን አዩ? ቀይ መጋረጃ፣ በር ላይ የወለቀ ጫማ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣ ተንበርክካ በማይታወቅ ቋንቋ የምታዜም ሴት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ የጎጃም ሰው ይህ ሁሉ ተደማምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው። ከነንፍሯቸው ተመለሱ።

በቀጥታ አልነገሩኝም። የኛ አገር ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በማግስቱ እኔ ልብስ ሳሰጣ ዶሮዋን እያባረሩ፣ "አንቺ ዶሮ! ጥሬውን የምትለቅሚው ከእኔ ቤት፣ እንቁላሉን የምትጥዪው ጎረቤት! ለሁለት ጌታ መገዛት የት አየሽ?" አሏት። እኔም ዶሮዋ እውነት ጎረቤት መጣል የጀመረች መስሎኝ፣ "እትዬ፣ ለምን እግሯን አያስሯትም?" አልኩ። በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ንፍሮው ቀረ። "እንዴት አደርሽ" ማለታቸው እንኳ አጠረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "በዓይኔ ካየሁ ወዲያ ዝም ብል እኔም እጠየቃለሁ። መጋረጃ ውስጥ የምትሰግጂላቸው ነገሮች ከቤቴ ይውጡልኝ።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሳቄን ሲያዩ ደግሞ የባሰ ፊታቸው ጠቆረ። "አሻንጉሊት ናቸው እኮ እትዬ!" ብል ማን ይስማኝ።

"ለአሻንጉሊት እጅ የሚታጠብ፣ ጫማ የሚያወልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጳጉሜ ላይ ቄስ ልየው ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። እስከዚያ ወይ እነሱን አስወጪ፣ ወይ…" ብለው ሊጨርሱት አልቻሉም። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል! "እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ!" ብዬ ተነሥቼ በሬን ዘጋሁት።

ዘግቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወዴት ነው የምወጣው? በዚያ ዝናብ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ብወጣ ካርቶኖቹ መንገድ ላይ ገንፎ ይሆናሉ። ያ ፖስተርማ አለቀለት። ደግሞ "መምህርቷ ጣዖት ስታመልክ ተገኝታ ከቤት ተባረረች" የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ወላጅ ልጁን ለእኔ አምኖ ይሰጠኛል? ከሁሉም ግን ያንገበገበኝ እትዬ ይታይሽን ማጣቴ ነው። እናቴ አዴት ናት፤ እዚህ ከእሳቸው ሌላ ማን ነበረኝ?

ጳጉሜ ገባ። ቄስ ልየው ጠበላቸውን በጆግ ይዘው መጡ። የእትዬ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቀልድ የሚወዱ፣ ግን ሲቀልዱ ፊታቸው የማይፈታ ሰው። ዋናውን ቤት ረጩ፣ ማድ ቤቱን ረጩ፣ በረቱን ረጩ፤ ያቺ ዶሮ እንኳ አልቀረችም። እሳቸው ሲረጩ ደግሞ በስስት አይደለም። ግድግዳው ጎርፍ የወረደበት እስኪመስል ነው።

ወደ እኔ በር ሲመጡ ሁለት እጄን ዘርግቼ መቃኑን ይዤ ቆምኩ።

"አባቴ፣ እኔን የፈለጉትን ያህል ይርጩኝ። ቤቱን ግን አይርጩብኝ" አልኩ።

እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "አላልኩዎትም አባ! ጠበል የሚሸሽ ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል!"

ደሜ ፈላ። ያናደደኝ ሰይጣን አለባት መባሌ አይደለም። ያን ሁሉ ዘመን የለፋሁበትን ነገር ማንም ቀርቦ ሳያየው መፈረዱ ነው። "እንግዲያውስ ይግቡ!" አልኩ በጩኸት። "እርስዎም ይግቡ እትዬ! ግን ጫማ ውጭ፣ እጅ በሳሙና! ጆጉም ውጭ ይቆይ!"

"ወይ ጉድ! ለአባም ጫማ ታስወልቅ!" አሉ እትዬ።

ቄስ ልየው ግን ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውን አወለቁ። የሰጠኋቸውን ሳሙና ተቀብለው እስከ ክንዳቸው ታጠቡ። "የገቡበትን ቤት ደንብ ማክበር ነው" ብለው ገቡ። እትዬም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

መጋረጃውን ሳብኩት። እውነት ለመናገር ፍርሃትም ኩራትም ነበረብኝ። ያን ቁም ሳጥን ከፍቼ ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። መስታወቱ ያበራል፤ አንዱም ላይ ቅንጣት አቧራ የለም።

ቄስ ልየው አጎንብሰው አዩ። "ይህቺ ጃንጥላ የያዘችው ማን ናት?" አሉ።

"ፊልም ላይ ያለች ልጅ ናት አባ። ደካማ የምታስጠልል ናት።"

"ጃንጥላ ከያዘችስ የእኛ ወገን ናት" አሉ። ፊታቸው አልሳቀም። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ትለምኛቸዋለሽ?"

"እኔ? ኧረ አባ!" አልኩ። "እነሱ ናቸው እኔን የሚለምኑኝ! አቧራ ጥረጊልን፣ ከፀሐይ አንሺን፣ ከአይጥ ጠብቂን። አንድ ቀን እንኳ ያደረጉልኝ ነገር የለም!"

ጢማቸው ሥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። "መጋረጃውስ?"

የፀሐዩን ነገር ነገርኳቸው። የእጁን ቅባት፣ የጫማውን ጭቃ፣ የጓንቱን ምክንያት አስረዳሁ። ጠበሉንም ለምን እንደከለከልኩ ፖስተሩን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ አንዲት ጠብታ ካረፈችበት ዘላለም ምልክቷ አይለቅም።

"የምታዜሚውስ?"

እዚህ ላይ አፈርኩ። "ዘፈን ነው አባ።"

"እስቲ በይው።"

ቄስ ፊት፣ በጳጉሜ፣ በጃፓንኛ ዘፈንኩ! ስጨርስ ትርጉሙን ጠየቁኝ። "የወደቅክበት አትደር፣ ተነሥተህ መንገድህን ቀጥል ነው የሚለው" አልኳቸው።

"ቃሉ ደግ ነው። ድምፅሽ ግን አይረባም" አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው፣ "ይህቺ ልጅ ቅዳሴ ትመጣለች?" ሲሉ ጠየቁ።

"ትመጣለች። አስታጉላ አታውቅም" አሉ እትዬ፣ ሳይወዱ በግድ።

"እንግዲያው ስሚኝ ይታይሽ። ጣዖት ማለት ሰው የሚለምነው ነው። ይህቺ ልጅ ያለባት ጣዖት አይደለም፤ ሥራ ነው የበዛባት።"

ይህን ብለው ወጡና በሩ ላይ አቆሙኝ። የቀረውን ጠበል ከነጆጉ አናቴ ላይ ገለበጡት። ከፀጉሬ እስከ ተረከዜ ራስኩ። ቤቴ ግን አንዲት ጠብታ አልገባባትም።

እትዬ ይታይሽ አብረውን አልወጡም። ስመለስ ቁም ሳጥኑ ፊት እንደ ቆሙ ናቸው። አሻንጉሊቶቹን አይደለም የሚያዩት፤ ፖስተሩን ነው።

"ይህ ወረቀት ከአንቺ ይበልጣል አልሽ?"

"አዎን እትዬ።"

"ቀለሙ እንዴት አለቀቀም?"

"ፀሐይ አላሳየሁትማ።"

ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። አልታረቁኝም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቄስ ቢፈርዱልኝ ቤቱ የእሳቸው ነው። ማታውን አክፍሎት የያዝኩ ይመስል ምንም ሳልበላ፣ ቀበሮዬን በለስላሳ ወረቀት እየጠቀለልኩ ለመውጣት መዘጋጀት ጀመርኩ።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ጫማቸውን ሳልነግራቸው አውልቀው፣ ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈው ቆመዋል። ሲገልጡት በእንጨት ፍሬም ያለ ፎቶ ነው። ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ጀምሮ ፎቶአቸው ሳሎን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀጥታ ፊታቸው ላይ ታርፋለች። ኮቱ ይታያል፣ ከረባቱ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ነጭ ጉም ሆኗል።

"ሌላ ፎቶ የላቸውም" አሉ። "በየቀኑ እየጠፉብኝ ነው ልጄ። እኔም በሐሳቤ ፊታቸውን ልሥል ስል እያቃተኝ ነው። ከእነዚያ… ከልጆችሽ ጋር አኑሪልኝ።"

ጠቅልዬ ያኖርኩትን ሁሉ እዚያው ተውኩና አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ፍሬሙን ከጀርባው ስከፍተው ፎቶው በእርጥበት ብዛት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እትዬ ለመላጥ ጣታቸውን ሲሰዱ "አይንኩት!" ብዬ ጮህኩባቸው። ቢላጥ የቀረችው ፊት መስታወቱ ላይ ትቀር ነበር። ቡሬ አንድ ጎበዝ ፎቶ አንሺ አውቃለሁ። ከነመስታወቱ በፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። ረዳቱ "እህት፣ ከወንበር ሥር አድርጊው" ሲለኝ "አንተ ራስህ ግባ ከወንበር ሥር!" አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እስከ ቡሬ ድረስ አላስነካሁትም።

ፎቶ አንሺው ከነመስታወቱ ፎቶ አነሣውና ኮምፒውተር ላይ የደበዘዘውን ቀስ እያለ አጎላው። አሳትሜ አዲስ ፍሬም ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ሲያዩት ቀረብ ብለው አጎነበሱ። ከዚያ ጣታቸውን ከግራ ቅንድቡ በላይ አሳረፉ።

"ይህቺ ጠባሳ!" አሉ። "እርሻ ላይ ቀንበር የመታቸው ናት። ረስቻት ነበር፤ ረስቻት ነበር እኮ!"

ደጋግመው ሳሙት። እኔም እንደ ሞኝ እየሳቅኩ አለቅስ ነበር።

አዲሱን ፎቶ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልንላቸው። ዋናውን ፎቶ ከነመስታወቱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ መጋረጃው በደንብ የሚሸፍነው ቦታ ላይ አኖርኩት። ከኋላው ሁለት እርጥበት መጣጭ ከረጢት አለው። በየጊዜው እቀይርላቸዋለሁ።

በቅርቡ የእትዬ ባል እህት ከቡሬ ገጠር ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እትዬ የወንድማቸውን ፎቶ ሊያሳዩዋቸው ወደ እኔ ቤት ይዘዋቸው መጡ። ሴትዮዋ ሰይፍ የመዘዘውን ጎረምሳ ሲያዩ በድንጋጤ አማተቡ። "ምንድን ናቸው እነዚህ ይታይሽ? የእኛን ሰው ከምን ጋር ነው ያስቀመጥሻቸው?" አሉ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

"የልጄ ናቸው" አሉ። "እኔ ባሌን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳጠፋቸው ያቆየችልኝ እሷ ናት። አደራ የምትችል ልጅ ናት። እጅሽን ታጥበሽ ነይና ወንድምሽን እዪ።"

ዲግሪ ስይዝ አባቴ ጋቢ አልብሶኛል፤ ተማሪዎቼ ፈተና ሲያልፉ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚያች ቃል ግን ደረቴን የነፋው ነገር የለም። እስከ ዛሬ በአሻንጉሊት ትጫወታለች፣ ልጅነቷን አልጨረሰችም እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን አሁን ማን ነሽ ብባል፣ ከመምህርነቴ አስቀድሜ የምጠራው ያንን ነው፤ አደራ የምትችል።